በሁከት ዘመን በባዕድ አገር ቤት ስለ መግዛት

ሰው በሰላም ዘመን ቤት ሲገዛ የሚጠይቀው ስለ ግድግዳውና ስለ ጣራው፥ ስለ ውኃውና ስለ መንገዱ ነው። በሁከት ዘመን ግን፥ ይልቁንም ቤቱ በባዕድ አገር የሆነ እንደ ሆነ፥ ጥያቄው ይበዛል። መንግሥቱ ይጸናልን? ሕጉ ነገ ይለወጥ ይሆን? ገንዘቤን መልሼ ለማውጣት እችላለሁን? ይህን መጠየቅ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው እንጂ የሚነቀፍ አይደለም፤ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ማስላት እንደሚገባው ጌታችን በምሳሌ አስተምሯልና።

ነገር ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ አንድ መስመር ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል። ገዢው «እኔ ምን አጣለሁ?» ብሎ ሲጨነቅ፥ «ከእኔ በፊት ይህን ያጣው ማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ለመጻፍ ምክንያት የሆነን በአንድ የአውሮፓ ከተማ የሚኖር ምእመን ለንስሐ አባቱ ያቀረበው ጥያቄ ነው። ይህ ሰው ከሃያ ዓመት በላይ በድካም ሠርቶ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሟል። የሽምግልናውን ዘመን ብርድ በሌለበት በባሕር ዳር ለማሳለፍ ሲያስብ፥ በሰሜን ቆጵሮስ ዋጋው እጅግ የወረደ ቤት መኖሩ ተነገረው። «የረከሰው በፖለቲካው ምክንያት ነው አሉኝ። አባቴ፥ ብገዛው አደጋው ምን ያህል ነው? ኀጢአትስ ይሆንብኛል?» ብሎ ጠየቀ። ካህኑም ጥያቄውን ወደ እኛ አመጡት። ካህን የሕግ ጠበቃ አይደለም፤ ስለ ውልና ስለ ቀረጥ እንዲመክር የሚጠብቅበት የለም። የጥያቄው ሁለተኛ ክፍል ግን የእርሱ ድርሻ ነው፤ ሁለቱ ክፍሎችም ሰዎች እንደሚያስቡት የተራራቁ አይደሉም።

ቆጵሮስ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ ስም አይደለችም። ርስቱን ሸጦ ዋጋውን በሐዋርያት እግር አጠገብ ያኖረው በርናባስ ሌዋዊ የዚህች ደሴት ተወላጅ ነበረ። ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራው ቅዱስ ኤጲፋንዮስም የዚህችው ደሴት ጳጳስ ነው፤ መንበሩ የነበረባት፥ በግብረ ሐዋርያት ስልማና ተብላ የተጠራችው ከተማ፥ ፍርስራሿ ዛሬ በፋማጉስታ አጠገብ፥ ከመለያው መስመር ወዲያ በሰሜኑ ክፍል ይገኛል።

ደሴቲቱ የተከፈለችበት ታሪክ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1960 ከእንግሊዝ አገዛዝ ነፃ ወጣች፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቷም ሊቀ ጳጳስ ማካርዮስ 3ኛ ነበሩ። ከ1963 መጨረሻ ጀምሮ በግሪክ ቆጵሮሳውያንና በቱርክ ቆጵሮሳውያን መካከል ደም ፈሰሰ። ጁላይ 15 ቀን 1974 በአቴና የነበረው ወታደራዊ መንግሥት በሊቀ ጳጳሱ ላይ መፈንቅለ መንግሥት አስደረገ፤ በአምስተኛው ቀን የቱርክ ጦር በሰሜኑ ጠረፍ ወረደ። ከአንድ ወር በኋላ ከደሴቲቱ ምድር ከሦስት እጅ አንዱ የሚበልጠው በዚሁ ጦር እጅ ነበረ። ከ160 ሺህ የማያንሱ ግሪክ ቆጵሮሳውያን ወደ ደቡብ ሸሹ፤ ከ40 ሺህ የሚበልጡ ቱርክ ቆጵሮሳውያንም በደቡብ ያላቸውን ትተው ወደ ሰሜን ሄዱ። በ1983 በሰሜኑ ክፍል የታወጀውን መንግሥት እስከ ዛሬ ከቱርክ በቀር በሕግ ያወቀው አገር የለም።

እንግዲህ በዚያ ለገዢ የሚቀርበው የርስት ወረቀት አንድ ዓይነት አይደለም። ከ1974 በፊት በቱርክ ቆጵሮሳዊ ወይም በውጭ አገር ሰው ስም ተመዝግቦ የነበረ አለ፤ የዚህ መሠረቱ ደኅና ነው። ሁለተኛው በደቡብ ርስቱን ትቶ ለመጣ ቱርክ ቆጵሮሳዊ በልዋጩ የተሰጠ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከቱርክ አገር ለመጡ ሰፋሪዎችና በጦርነቱ ለተሰለፉ የተደለደለ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወረቀት ሥር ያለው መሬት በአብዛኛው የሸሹት ግሪኮች ርስት ነበረ። ሻጩ ወረቀቱን ሲያሳይ ማኅተሙን እንጂ ይህን ታሪክ አያሳይም።

በ2002 አንድ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት ላፒቶስ በምትባለው ስፍራ እንዲህ ያለ መሬት ገዝተው ያማረ ቤት ሠሩ፤ መዋኛም ቈፈሩ። በሚያዝያው፥ በ2003፥ የመለያው መስመር መተላለፊያ ተከፈተ፤ በ1974 የሸሸው ባለ ርስትም ተሻግሮ መሬቱን አየ። በኒቆስያ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም በ2004 ቤቱ እንዲፈርስ፥ መሬቱ ለባለቤቱ እንዲመለስ፥ ካሣም እንዲከፈል ፈረደ። ባልና ሚስቱ «የደቡቡ ዳኛ በሰሜን ምን ሥልጣን አለው?» ብለው ነበር፤ ነገር ግን በ2009 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ፍርዱ በሌሎቹ የኅብረቱ አገሮች ሊታወቅና ሊፈጸም ይገባዋል አለ፤ በዚያን ጊዜ የኅብረቱ አባል በነበረችው በእንግሊዝም የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2010 መጀመሪያ ይህንኑ አጸና። ስለዚህ በቆጵሮስ የገዙት ቤት በእንግሊዝ አገር ያላቸውን ሀብት ለዕዳ አጋለጠባቸው። የደቡቡ መንግሥት ደግሞ በ2006 ባወጣው ሕግ የሌላውን ሰው ርስት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መሸጥና መግዛት እስከ 7 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል አደረገው። አደጋው ምን ያህል ነው ላለው ምእመን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ይሁን እንጂ ነገሩን በዚህ ብንተወው «ፍርድ ቤት የማይደርስበት ቢሆን ግዛ» ማለታችን ይሆናል። ስለዚህ ወደ ዋጋው እንመለስ። ያ ቤት ከሌላው ቤት ይልቅ የረከሰው ስለ ምንድር ነው? ድንጋዩ አንድ ነው፤ ባሕሩም አንድ ነው። ሻጩ ዋጋውን ያወረደው ሊሸጠው የማይችለው አንድ ነገር በውስጡ ስላለ ነው፤ ይኸውም የሸሸው ሰው መብት ነው። ገዢው ቅናሽ ብሎ የተቀበለው ገንዘብ የዚያ ሰው ድርሻ ነው። ከዚህም የሚብሰው፥ ገዢው አደጋ የሚለው ለሸሸው ሰው ተስፋ መሆኑ ነው። አንዱ «እንዳይመለስብኝ» ሲል ሌላው «እንድመለስ» ይላል። በዚያ ቤት ውስጥ ተኝቶ ሌሊቱን በሰላም ለማደር የሚወድ ሰው፥ ሳያውቀው፥ ባለቤቱ ቤቱን ሳያይ እንዲሞት ይመኛል። ዕርቅ በመጣ ጊዜ የሚደነግጥ ክርስቲያን እንዴት ያለ ክርስቲያን ነው? በቅዳሴ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲባል ከመንፈስከ ጋር የሚመልሰው በምን ልብ ይሆን?

የሚቃወም ሰው እንዲህ ሊለን ይችላል፦ «ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፏል። ያኔ ሕፃን የነበረው ዛሬ ሽማግሌ ነው። እስከ መቼ የድሮ ርስት ይቈጠራል?» ይህ ቃል ተንቆ የሚታለፍ አይደለም። በስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ራሱ በ1996 በአንዲት የኪሬንያ ሴት ጉዳይ ባለ ርስትነቷ አልጠፋም ብሎ ሲፈርድ፥ በ2010 ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ብዙ ሰው ከሚኖርበት ቤት በግድ ማስወጣት ሌላ በደል ሊሆን እንደሚችል ተመልክቷል፤ በሰሜኑ የተቋቋመው የርስት ኮሚሽን በመመለስ፥ በልዋጭ ወይም በካሣ የሚሰጠውን መፍትሔም ተቀብሏል። እኛም ይህ ትክክል ይመስለናል። ነገር ግን ዳኞቹ የራሩት በዚያ ለሚኖረው ነው፤ ገና ከሩቅ አገር ተነሥቶ ሊገዛ ለሚያስበው አይደለም።

በጳፉ ቤቱን ጥሎ በነፍሱ የሸሸ ቱርክ ቆጵሮሳዊ በኪሬንያ በአንድ ግሪክ ቤት ቢገባ እኛ ድንጋይ አንወረውርበትም፤ እርሱም ቤት አጥቷልና። በደቡብም ከሰሜን የተፈናቀሉ ግሪኮች ሙስሊሞቹ ጥለውት በሄዱት ቤት ገብተው ኖረዋል። ይህን ለመረዳት እኛ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአገራችን የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወደ መንግሥት ባደረገ ጊዜ፥ በቀበሌ ቤት በጥቂት ኪራይ የገባች ደኃ እናት የቤቱን ባለቤት አልበደለችም፤ የምታድርበት አጥታ ነው። ባለቤቱም በዚያው መንገድ ሲያልፍ መስኮቱን አይቶ አንገቱን ደፍቶ ሄዷል። የሁለቱም ኀዘን እውነተኛ ነው። ነገር ግን ከሰላም አገር መጥቶ፥ ሌላ ቤት እያለው፥ ለዕረፍትና ለትርፍ ሲል በሁለቱ መካከል የሚገባ ሦስተኛ ሰው በየትኛውም ኀዘን ውስጥ ድርሻ የለውም። ችግር ያስገባውን ሰውና ርካሽነት ያስገባውን ሰው አንድ አድርጎ መቍጠር አይገባም።

በዚህ አነጋገራችን በሁከት ዘመን መግዛት ሁሉ ክፉ ነው ያልን እንዳይመስል። ኤርምያስ ነቢይ በግዞት ቤት አደባባይ ታስሮ፥ ናቡከደነፆርም ኢየሩሳሌምን ከብቦ ሳለ፥ የአናቶትን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዛ። በዓለም ዐይን ከዚህ የባሰ ግዢ የለም፤ መሬቱ በጠላት እጅ ያለ ወይም ሊገባ የቀረበ ነበርና። ነገር ግን የሸጠለት የአጎቱ ልጅ አናምኤል ነው፤ የመቤዠት መብቱም የኤርምያስ ነበረ። ብሩ በሚዛን ተመዘነ፤ ምስክሮች ፈረሙ፤ የታተመውና የተከፈተው ውል በባሮክ እጅ በሸክላ ዕቃ ተቀመጠ። የኪሣራው አደጋ ሁሉ በገዢው ራስ ላይ ነበረ፤ በሌላ ሰው ላይ የወደቀ ምንም የለም። አብርሃምም በከነዓን መጻተኛ ሳለ ኤፍሮን ኬጢያዊ የማክፌላን ዋሻ በነፃ እንስጥህ ቢለው፥ በከተማው በር በሕዝብ ፊት ሙሉውን 400 ሰቅል መዝኖ ሰጠ። መጻተኛ ሰው ቅናሽ አለመፈለጉ ምንኛ የሚያስደንቅ ነው! በሌላው ወገን አክዓብ አለ፤ እርሱ ለናቡቴ ወይን ዋጋ ለመስጠት ፈቅዶ ነበር፤ ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ግን ያለ ዋጋ ወረሰው።

የገዛ አገሩ ሁከት አስፈርቶት ለልጆቹ መጠጊያ በውጭ አገር ቤት የሚገዛውንም ሰው አንወቅስም። እርሱ ሊያስብበት የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ ያ ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚሻ ነው።

ካህኑ ለምእመኑ የመለሱለት አጭር ነበረ። «ግዛ አልልህም፤ አትግዛም አልልህም። አስቀድመህ በ1974 ቤቱ ወይም መሬቱ የማን እንደ ነበረ ስሙን ጠይቅ፤ ከዚያ በኋላ ተመልሰህ ና» አሉት። ሰውየውም እንደ ታዘዘው ለሻጩ ወኪል ጻፈ። ወኪሉ ስሙን አልነገረውም፤ ከዋጋው ላይ ግን ጥቂት ቀነሰለት።