የደበቀው ወይስ ያስደበቀው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶች። ጥፋቱ ሁሉ የደባቂው ነው። ግን እስቲ እንጠይቅ፤ ያስደበቀውስ?

ኩታበርን እናስብ። ከደሴ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ ትንሽ ከተማ ናት። ጤና ጣቢያ ካርድ የምታወጣላችሁ የጎረቤት ልጅ፣ ወረፋ ላይ ከኋላችሁ የቆመው የአጎታችሁ ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ለጉንፋን ምንም አይደል። ታካሚው ትራንስጀንደር ቢሆንስ፣ ማለትም ሲወለድ ከተባለለት ፆታ ጋር ውስጡ የማይስማማ ሰው? ስኳር ቢኖርበት፣ እንቅልፍ ቢያጣ፣ ማን ፊት ነው ልብሱን የሚያወልቀው?

ድሮ ሐሜት በእግሩ ነበር የሚሄደው፤ ከቡና ተነስቶ ገበያ እስኪደርስ ይደክመው ነበር። አሁን ስልክ አለው። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሀውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለ የመብት ተሟጋች ቡድን፣ የሰዎችን ስምና ፎቶ እያወጡ ለጥቃት የሚያጋልጡ የቲክቶክ ቪዲዮዎች መበራከታቸውን ተናግሮ ነበር። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ያየ ሰው ክሊኒክ ሲገባ ከሐኪሙ በፊት የሚያየው ማን ስልክ እንደያዘ ነው።

«ሕጉ ይከለክላል» የሚል አይጠፋም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግብረ ሥጋን ይቀጣል፤ መታመምን ግን አይቀጣም። ያው ሕግ አንቀጽ 399 ላይ ደግሞ የታካሚውን ምስጢር የሚያወጣ ሐኪምን ያስቀጣል። ሁለቱም አንድ መጽሐፍ ውስጥ ናቸው፤ እየጠቀስን የምንከራከረው ግን አንዱን ብቻ ነው።

«እምነቴስ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ለማከም መስማማት አያስፈልግም። የቆሰለ ምርኮኛን የሚያክም ሐኪም የምርኮኛውን ዓላማ ደገፈ አይባልም። ቁስሉን አየ፣ ሰፋ፣ አለቀ።

ወሎ ይህን ቀድሞ ተምሮታል። ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በማከም ይታወቃል። ሥጋ ደዌ እርግማን ይባል በነበረበት ዘመን ሕመምተኛው ይደበቅ ነበር፤ በዘገየ ቁጥር ጣቱን፣ እግሩን ያጣል። ትራንስጀንደር መሆን ደዌ ነው ማለቴ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች መዝገብ ከአእምሮ ሕመሞች ተራ አውጥቶታል። የማወዳድረው መደበቁን ነው። ሰው ሲፈራ ይዘገያል፤ ሲዘገይ የሚድነው በሽታ ያመረቅዛል።

እና የኛ ድርሻ ምንድን ነው? ሐኪሙ ዝም ማለቱ ብቻውን አይበቃም። ወረፋ ላይ የቆመውም፣ ካርድ ክፍል የተቀመጠችውም፣ ቪዲዮው ስልኩ ላይ የደረሰውም ምስጢር ጠባቂ ሆነዋል። ማንም አላስማላቸውም፤ ጣታቸው ግን «ሼር» ላይ ነው። የሰው ፎቶ ሲደርሳችሁ ሰውየውን መውደድ አይጠበቅባችሁም፤ አለማስተላለፍ ብቻ ይበቃል።

አባቶች ተረቱን ሲተርቱ በሽታውን የሚሰማው ሰው አፉን እንደሚዘጋ አምነው ነበር። ያ እምነት ከፈረሰ፣ ደባቂውን የምንወቅስበት አፍ የለንም።