ለአዲሷ ሥራ አስኪያጅ

ልጄ፣ የማኅበሩ ቦርድ የመረጠሽ የመስክ ሥራሽን አይቶ ነው፤ እኔ ዕድሜዬን ሒሳብ ስይዝ የኖርኩ ነኝና የምመክርሽ ስለ ካዝናው ነው።

የባንክ ሒሳቡ ላይ አራት ሚሊዮን ብር ብታዪ ልብሽ አይሙላ። የሰው ወርቅ አያደምቅም። ለውሃ ጉድጓድ የመጣው የጉድጓዱ ነው፤ ለትምህርት ቤቱ የመጣውም እንዲሁ። ሒሳብ ሹሙን «በውል ያልታሰረ ስንት አለን?» ብለሽ ጠይቂው። ለሁለት ወር ደመወዝ የማይበቃ ከሆነ፣ ሪፖርቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ማኅበሩ ድኻ ነው። «ከዚያኛው ፕሮጀክት ለጊዜው እንበደር» የሚልሽ ደግሞ አይጠፋም። እሺ እንዳትዪው! እኔ ያየኋት ያቺ «ለጊዜው» ኦዲተር እስኪመጣ አትመለስም።

በጥር 2017 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ለ90 ቀን ስታግድ፣ በአንድ ለጋሽ ትከሻ ላይ ያደሩ ድርጅቶች መያዣ መጨበጫ አጡ። ሥራቸው መጥፎ ሆኖ አልነበረም፤ የራሳቸው የሚሉት ገንዘብ ስላልነበራቸው ነው።

የራስሽ ገንዘብ ከየት ይምጣ? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል እንጂ ለጋሹን አትጠይቁ አይልም። እናንተ ግን ለጋሹ ይወደናል ብላችሁ የቢሮ ኪራዩንና የኦዲተሩን ክፍያ ከበጀት ጥያቄው ትሰርዛላችሁ፤ ኋላ ኪራዩ ሲመጣ መተያየት ነው። በግልጽ ጻፊና ጠይቂ። ውሉ በዶላር ከሆነም የምንዛሬው ለውጥ በማን ላይ እንደሚያርፍ አስጽፊ፤ ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር የተለቀቀ ጊዜ ይህን ያላስጻፉ ብዙ ተነታርከዋል።

ያው አዋጅ ገቢ ማስገኛ ሥራም ይፈቅዳል፤ ትርፉ ለማኅበሩ ዓላማ ይውላል እንጂ ለአባላት አይከፋፈልም። ብቻ ያለችሽን ጥሪት ጠራርገሽ ካፌ እንዳትከፍቺ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል። አዳራሻችሁ ቅዳሜና እሑድ ባዶውን አይደል የሚውለው? እሱን አከራዪ። ኪራዩንና የአባላቱን መዋጮ በተለየ መጠባበቂያ ሒሳብ አስቀምጪ፣ ያለ ቦርዱ ውሳኔም አይነካ። ትንሽ ነው ብለሽ አትናቂው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የመጠባበቂያውን ጉዳይ በመጀመሪያው የቦርድ ስብሰባ አጀንዳ አስይዢ። «ሥራ ሞልቶ ብር እናስቀምጥ?» ብሎ የሚቆጣ አባል ይኖራል። ተቃውሞው ከነስሙ በቃለ ጉባኤው ይስፈርለት፤ አንቺ ድምፅ አሰጪ።