ስለ አጭር ሰላምታ

የጎጃም ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ጕዳዩን ከመናገሩ በፊት አስቀድሞ ይሰላለማል። «እንደምን ሰነበቱ» ብሎ ይጀምርና ቤተ ሰቡን፥ ከብቱን፥ አዝመራውን አንድ ባንድ ይጠይቃል። ዝም ብሎት ያለፈውንም ሰው «የእግዜርን ሰላምታ ነሣኝ» እያለ ይወቅሰዋል።

በፈረንሳይኛ ግን ወዳጅ ከወዳጁ ሲገናኝ «ሳሉ» ይላል፤ ሲለያይም ያንኑ ይደግማል። «ሳ ቫ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ራሱ «ሳ ቫ» ነው። ይህን ቋንቋ በአገራችን ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1908 ዓ.ም. ከተከፈተው ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ጀምሮ ተምረውታል፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው ሊሴ ገብረ ማርያምም እስከ ዛሬ ያስተምርበታል። ይህን አጭር ቃል የሰማ ሽማግሌ «ይህስ ጥድፊያ እንጂ ሰላምታ አይደለም» ቢል አይፈረድበትም። እንግዲህ ሰላምታን ማሳጠር ሰውን መናቅ ነውን?

ቃሉን ብንመረምረው «ሳሉ» ጤናና ደኅንነት ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ ከእኛ «ጤና ይስጥልኝ» ጋርም በአሳብ አንድ ነው። ዛሬ በደብረ ማርቆስም ሳይቀር ስንለያይ የምንለው «ቻው» ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን፥ በጥንት የቬኒስ ሰዎች አነጋገር «ባሪያዎ ነኝ» ማለት ነበረ። ስለዚህ የቃሉ ማጠር የምኞቱን ማነስ አያስረዳም። ደግሞም ፈረንሳዮች «ሳሉ»ን በወሰን ይዘውታል፤ ለባልንጀራ ይሉታል እንጂ ለማያውቁት ሰውና ለአለቃ «ቦንዡር፥ መስዩ» ማለት ይገባል። እኛ «አንተ»ንና «አንቱ»ን እንደምንለይ እነርሱም «ቱ»ንና «ቩ»ን ይለያሉ።

በሌላ በኩል ረጅሙም ሰላምታ ባዶ ሊሆን ይችላል። ልጁ የታመመበት ሰው «ልጆችስ ደኅና?» ሲባል እንደ ልማዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ይህ ምስጋና እንጂ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ድምፁ መስለሉን የሚያስተውል ጠያቂ ስንት ነው? ከቢቸና ወይም ከደጀን በእግሩ መጥቶ ከጠረጴዛችን ፊት እጅ የሚነሣውን ባለጕዳይ፥ ዓይናችንን ከወረቀቱ ሳናነሣ «ደኅና፥ ደኅና» ብንለው፥ ቃሉ ያባቶቻችን ሆኖ ሳለ ሰውየው ሰላምታ አላገኘም።

ስለዚህ የሰላምታ መለኪያው ርዝመቱ ወይም ቋንቋው ሳይሆን ለመልሱ የሚተውለት ስፍራ ነው። ተማሪው ቃሉን ከነወሰኑ ይማር፤ «ሳ ቫ?» ብሎም የባልንጀራውን ፊት ይመልከት። እኛ ሹማምንትም ባለጕዳዩ ሲገባ ቀና እንበል።