ጥንቃቄ ወንድምን መጠርጠር ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዚህ በመካከለኛው ምሥራቅ የምንኖር ሰዎች ስካውቶችን በዓይናችን እናውቃቸዋለን። በቤተ ልሔም በልደት ዋዜማ፣ በኢየሩሳሌም በትንሣኤ ዋዜማ፣ በሊባኖስ በሆሣዕና ዕለት፣ በአንገታቸው መሐረብ አስረው ከበሮ እየመቱ በሰልፍ የሚያልፉት ልጆች ናቸው። ከጎናቸው ያንኑ መሐረብ ያሰረ ትልቅ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው ደመወዝ የለውም። ሥራውን ውሎ ሲመጣ ድካሙን ችሎ ለልጆች ድንኳን መትከልን፣ ቁስል ማሰርን፣ ለሰው መታዘዝን ያስተምራል። እኛም ዘንድ እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ፤ በአንዲት የዕረፍት ቀናቸው ፊደልና መዝሙር የሚያስተምሩ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች።

የስካውት ማኅበራት ታዲያ በዚህ በጎ ፈቃደኛ ላይ ብዙ ሕግ ይጥሉበታል። ከአንድ ልጅ ጋር ብቻህን አትሁን ይሉታል። የወንጀል መዝገብህ ይመርመር ይሉታል። ለልጅ በስልክ ስትጽፍ ሌላ ትልቅ ሰው ይየው ይሉታል። እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሣል። በነጻ የሚያገለግልን ሰው እንዲህ መያዝ ተገቢ ነውን? ፍቅር ያለው ሰው ወንድሙን አያምንምን?

፩. ሕጉ ምን ይላል?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 እንግሊዛዊው ባደን ፓወል ሃያ ያህል ወንዶች ልጆችን ይዞ ብራውንሲ በምትባል ደሴት ድንኳን ተክሎ ሰነበተ። የስካውት ሥራ የተነሣው ከዚያ ነው። አሜሪካውያን ማኅበራቸውን በ1910 አቋቋሙ። የእነርሱ ሕግ በዝርዝር የተጻፈ ስለሆነ እርሱን ምሳሌ አድርገን እንመልከት።

ዕድሜያቸው 21 ዓመት የሞላ ሁለት የተመዘገቡ መሪዎች በሌሉበት ምንም መርሐ ግብር አይካሄድም። ሴቶች ልጆች ካሉ አንዲት ሴት መሪ ግድ ናት። ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው አይሆንም፤ በስልክና በኢንተርኔትም ቢሆን። ወላጁ ካልሆነ በቀር ከልጅ ጋር በአንድ ድንኳን አያድርም። መታጠቢያ ቦታው ይለያል። ልጅን መምታት ክልክል ነው። ከወላጅ የሚሰወር ስብሰባ የለም፤ ወላጅ መጥቶ ማየት ይችላል። ልጅ ተጎድቷል ብሎ የሠጋ መሪ ራሱ ወዲያውኑ ለሕግ አካል ያመለክታል፤ ለአለቃዬ ነግሬአለሁ ብሎ መቀመጥ አይፈቀድለትም።

ልብ በሉ፤ ልጅ የልቡን ጭንቀት ለመሪው እንዳይነግር አልተከለከለም። ሁለቱ ከሰው ጆሮ ራቅ ብለው፣ ከሰው ዓይን ግን ሳይርቁ ይነጋገራሉ። የልጅ ንስሐም ቢሆን በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ሰው እያየ፣ ሰው ሳይሰማ ሊፈጸም ይችላል።

፪. ሕጉ ከየት መጣ?

ይህ ሕግ ብዙ ልጆች ካለቀሱ በኋላ የመጣ ነው። የአሜሪካው ማኅበር ከ1920ዎቹ ጀምሮ ለመሪነት የማይበቁ ሰዎችን ስም የያዘ ምሥጢራዊ መዝገብ ነበረው። ከእነዚህ ብዙዎቹ በልጆች ላይ ነውር ፈጽመዋል የተባሉ ነበሩ። በ2012 በኦሪገን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከ1965 እስከ 1985 ያሉት ከ1,200 የሚበልጡ ፋይሎች ለሕዝብ ተገለጡ።

አንባቢውን ያስደነገጠው ክፉዎች መኖራቸው ብቻ አይደለም። ደጎች ያደረጉት ነገር ይበልጥ ያሳዝን ነበር። በብዙ ቦታ የአካባቢው መሪዎች፣ አንዳንዴም ፖሊሶችና የሃይማኖት አባቶች፣ የማኅበሩ ስም እንዳይጎድፍ ብለው ዝም አሉ። አጥፊው በጸጥታ እንዲለቅቅ ተደረገ። አንዳንዱም ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ እንደገና የልጆች መሪ ሆነ።

በ2020 ማኅበሩ በፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በልጅነታችን ተበድለናል ብለው የቀረቡት ከ82,000 በላይ ነበሩ። በ2022 ፍርድ ቤት ያጸደቀው የካሣ ዕቅድ 2.46 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ገበናን መሸፈን ስም ያድናል ተብሎ ነበር። ስሙም አልዳነም፤ ልጆቹም አልዳኑም።

እነዚያ ወላጆች ግድ የለሾች አልነበሩም። ልጆቻቸውን የሰጡት ለሚያውቁትና ለሚያከብሩት ሰው ነው። ልጅን የሚጎዳ ሰው በፊቱ ላይ ምልክት የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ልጁም ቤተሰቡም በደንብ የሚያውቁት ሰው ነው።

፫. ጥርጣሬና ሥርዓት አንድ አይደሉም

አገራችን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ትላለች። ነገር ግን መድኃኒቱ መጠርጠር ቢሆን የምንጠረጥረው ማንን ነው? ዝምተኛውን፣ ብቸኛውን፣ ያላገባውን፣ ከእኛ ሰፈር ያልሆነውን። ድምፀ መልካሙን፣ ተጫዋቹን፣ ሁሉ እጅ የሚነሣውን አንጠረጥርም። ስለዚህ ጥርጣሬ ንጹሑን ያቆስላል፤ አጥፊውን ግን ያሳልፋል። ወንድምን ያለ ማስረጃ በልብ መኰነን ኃጢአት መሆኑ ሳያንስ ለልጁም አይጠቅመውም።

ሥርዓት ግን ሰው አይመርጥም። ለቀሲሱም፣ ለዲያቆኑም፣ ሃያ ዓመት ላገለገለውም፣ ትናንት ለመጣውም አንድ ነው። አንተ ክፉ ነህ አይልም፤ እኛ ልብን ማየት አንችልም ይላል። ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ መሆኑን እናምናለን። እንግዲያስ የዚህን ሰው ልብ አውቀዋለሁ ብሎ በዚያ ዕውቀት ላይ ልጅን ማስያዝ ድፍረት ነው። የሥርዓት ሥሩ ትሕትና ነው። ለአገልጋዩም ይጠቅመዋል፤ ሁልጊዜ በሰው ፊት የሚያገለግል ሰው የሐሰት ሐሜት በቀላሉ አይደርስበትም።

፬. ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያስተምሩናል?

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ እንዳይሞት በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል። ባለቤቱን ሰው ሊገፋ አስቧል ብሎ ማንም አልጠረጠረውም። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ ሰውም ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ መከታ ያስፈልጋል። በዚህ አገር ፎቅ ላይ መስኮት የወለወላችሁ፣ ጣሪያ ላይ ልብስ ያሰጣችሁ እኅቶች መከታ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም ይልቅ ታውቃላችሁ።

ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የሚሰበሰበውን ገንዘብ ለብቻው አልያዘም። አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም ጨምሮበት፣ በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይገኝ መጠንቀቁን ለቆሮንቶስ ሰዎች ጻፈ። ሐዋርያው አላመናችሁኝም ብሎ አልተቆጣም። እኛም ሙዳየ ምጽዋቱን ለአንድ ሰው አናስከፍትም፤ ሁለት ሦስት ሆነን ቆጥረን እንፈርማለን፤ ገንዘብ ያዡም ተሰደብኩ አይልም። ለብር ሁለት ሰው ካቆምን ለልጅ እንዴት አንድ ይበቃል? ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለው ለዚህም ነው።

ካህኑ ዔሊንም እናስብ። የልጆቹን በደል ሰምቶ በቃል ገሠጻቸው፤ ከአገልግሎቱ ግን አልከለከላቸውም። ፍርድ በቤቱ ላይ የመጣው ባለመከልከሉ ነው። ያንን ከባድ መልእክት የሰማው ደግሞ በብላቴናው በሳሙኤል አፍ ነበር። ሳሙኤል ለመናገር ፈራ፤ ዔሊ ግን ምንም ሳይደብቅ እንዲነግረው አዘዘው፤ የተነገረውም በራሱ ላይ የሚፈርድ ነገር ነበር። ቢያንስ በዚህ ዔሊን እንምሰለው። ከባድ ነገር ይዞ የመጣ ልጅ ንገረኝ የሚለው ትልቅ ሰው ያስፈልገዋል።

አንዳንዶች ሐዋርያው በቀሳውስት ላይ ስለሚቀርብ ክስ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ማስፈለጉን በመጥቀስ የልጅን ቃል ይጥላሉ። እንዲህ ያለው በደል ግን የሚፈጸመው ምስክር በሌለበት ነው። የሁለተኛ ሰው መኖር ሕግ የሆነውም ለዚሁ ነው። ልጁን ሰምተን፣ ከአደጋው አርቀን፣ ፍርዱን ለሚመረምረው አካል እንስጥ። መስማት መፍረድ አይደለም።

፭. ዋጋ ያስከፍላል

ሥርዓት ያለ ዋጋ አይመጣም። በስካውት ሕግ ሁለተኛው መሪ ካልመጣ ጉዞው ይቀራል፤ ልጆች ያዝናሉ። በእኛ ዘንድ ዋጋው ይበልጥ ይከብዳል። አገልጋዩ ጥቂት ነው። ለብዙዎች የዕረፍቷ እሑድ በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የምትገኝ ናት። ሁለት ሰው ካልተገኘ አታስተምሩ ማለት አንዳንዴ ልጆቹ ያለ ትምህርት ይዋሉ ማለት ይሆናል።

ስለዚህ እንደ አቅማችን እናብጀው። አንድ መምህር ብቻ ከመጣ ትምህርቱ በር በተዘጋ ክፍል ሳይሆን ምእመናን በተቀመጡበት አዳራሽ ይሁን። ማንበብ የማትችል እናትም ብትሆን መጥታ ትቀመጥ፤ ዓይን አላትና ሁለተኛ ሰው መሆን ትችላለች። ሁለተኛ ሰው ለመሆን ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

፮. ለእኛ የሚብስበት ምክንያት

ስካውቶቹ ያሉበት አገር ሕግ፣ ፍርድ ቤትና ጠበቃ ያለበት ነው። እንዲያም ሆኖ ብዙዎቹ ተበዳዮች ለመሰማት አሥርተ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። እዚህ ያለች እናት ግን ኢቃማዋ የተቃጠለ ሊሆን ይችላል። ፖሊስ ዘንድ ብትሄድ እርሷው እንዳትታሠር ትፈራለች። ልጇም እናቱ በሰው ቤት ስትደክም ውላ ስትመጣ ያያል፤ እንዳያስጨንቃት ብሎ ዝም ይላል። ክፉ ያሰበ ሰውም ይህን ሁሉ ያውቃል። ከጉዳት በኋላ የሚመጣው ፍትሕ ለእኛ ሩቅ ነው። ስለዚህ ከጉዳት በፊት የሚቆመው አጥር ከሌላው ሰው ይልቅ ለእኛ ያስፈልገናል።

እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁን የምታቆዩበትን ቤት ሳይነገር በድንገት ጎብኙ፤ ይህ ነውር አይደለም። ደውዬልህ ነበር፣ ዛሬ ምን አደረጋችሁ ብላችሁ ልጁን ጠይቁ። ማንም ትልቅ ሰው ለእናትህ አትንገር ካለህ መጀመሪያ የምትነግረው ለእኔ ነው በሉት።

አገልጋዮች ሆይ፣ ከልጅ ጋር ለብቻ አትሁኑ፤ ለብቻም አትጻጻፉ። ሁለተኛ ሰው ሳይጠየቅ ጥሩ። አስቀድሞ ሥርዓቱን የሚፈልገው ንጹሑ ይሁን፤ ያን ጊዜ ሥርዓቱ ማንንም አያሳፍርም።

የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፣ በልጅ ላይ በደል ተሰማ ሲባል በሽምግልና አስታርቃችሁ አትለፉት። ይቅርታ መንፈሳዊ ነገር ነው፤ ይቅር የተባለ ሰው ግን ወደ ልጆች ክፍል መመለስ የለበትም። እናቲቱንም ሂጂ አመልክቺ ብላችሁ ብቻዋን አትስደዷት። አብራችኋት ሂዱ፤ ወደ ሐኪምም፣ ስደተኞችን ወደሚረዱ ድርጅቶችም፣ ወደ ሕግም።

ወንድምን ማመን መልካም ነው። እርሱም ልጆቻችንን የሚወድ ከሆነ በመካከላቸው ሌላ ሰው ቢቀመጥ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም። ሕፃናትን ወደ እርሱ ያቀረበ ጌታችን ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ለአገልጋዮቻችን ብርታትን፣ ለእኛም የሚያይ ዓይንና የሚሰማ ጆሮ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።