የመጽሐፍ ትርጓሜ የማን ነው?



ስለ መጻሕፍት ትርጓሜ ዘወትር የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም አንዱ ወገን ትርጉሙ ጸሐፊው ያሰበው ብቻ ነው ሲል፥ ሌላው ወገን አንባቢው ያገኘው ሁሉ ትርጉም ነው ይላል። እኛ ግን አንዱን ከመያዛችን አስቀድሞ ቅዱስ መጽሐፍ ምን ዓይነት አንባብያንን እንዳሳየን ልንመረምር ይገባናል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 እንደ ተጻፈ፥ የንግሥተ ህንደኬ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። በገንዘቧ ሁሉ የሠለጠነ ታላቅ ሹም ሲሆን፥ የሚመራው ከሌለ ማስተዋል እንደማይችል ለፊልጶስ ከመናገር አላፈረም። የጠየቀውም ነቢዩ ይህን የተናገረው ስለ ራሱ ይሁን ወይም ስለ ሌላ ሰው እንዲያስረዳው ነው። ቃሉን ወደ ራሱ አሳብ አልሳበውም፤ የተናጋሪውን አሳብ ፈለገ እንጂ።

ዳሩ ግን ምሥጢር በተናጋሪው አሳብ ብቻ ተወስኖ የማይቀርበት ጊዜ አለ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ቀያፋ ስለ ሕዝቡ የአንድ ሰው መሞት እንደሚሻል ሲመክር፥ እርሱ ያሰበው ሕዝቡ ከሮማውያን እጅ የሚድንበትን ነበር። ወንጌላዊው ግን ያ ቃል ስለ ጌታ ሞት ትንቢት እንደ ሆነ ገለጠልን። ስለዚህ ቃሉ ከተናገረው ሰው አሳብ በለጠ።

እንግዲያውስ አንባቢ እንደ ወደደ ይተርጉም ማለት ነውን? አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ፈታኙ ጌታን ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ሲያባብለው የጠቀሰው ከ90ኛው መዝሙረ ዳዊት ነው። የጠቀሰው ቃል እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ለመታመን የተሰጠውን ለመፈታተን አደረገው።

በሊቃውንቶቻችን የትርጓሜ ጉባኤ መምህሩ ነጠላ ትርጓሜውን ከሰጠ በኋላ «አንድም» እያለ ፍቺ በፍቺ ላይ ይጨምራል። የፍቺው ብዛት የቃሉን ጥልቀት ያሳያል፤ ደቀ መዝሙሩ ግን ከመምህሩ የተቀበለውን ይናገራል እንጂ ለፈቃዱ የሚመቸውን «አንድም» አይፈጥርም።

እንግዲህ በዐውደ ምሕረት የምንቆም እኛ ካህናት አስቀድመን ራሳችንን እንመርምር። ከወንድማችን ጋር ተጣልተን ሳለ፥ በዕለቱ ከተነበበው ወንጌል እርሱን የሚነካ የሚመስለንን ቃል መርጠን በሕዝብ ፊት የተረጐምን እንደ ሆነ፥ ትርጓሜውን ያገኘነው ከመጽሐፍ ነውን ወይስ ከቂማችን? ያ ወንድም ከቤተ ክርስቲያን ቢቀር የእግዚአብሔር ቃል እንዳባረረው ይመስለዋል፤ ያባረርነው ግን እኛ ነን። ምእመናንም በየቤታችሁ መጽሐፍ በገለጣችሁ ጊዜ፥ ለባልንጀራችሁ ተግሣጽ ከመፈለጋችሁ በፊት ቃሉ ለራሳችሁ የሚለውን ስሙ።

ትርጓሜ ለአንባቢ የተሰጠ አደራ ነው እንጂ እንደ ፈቀደ የሚያደርገው ገንዘቡ አይደለም። ጃንደረባው ጠይቆ ተማረ፤ ተምሮም ተጠመቀ፤ መንገዱንም በደስታ ሄደ። የእኛም ንባብ ወደዚህ ፍጻሜ ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።