ስሕተት ወይስ በደል? በመድኃኒት ጉዳይ ስለምትከሰስ ነርስ

በሕክምና ሥራ ላይ ከሚነሡት አቤቱታዎች መካከል፣ ስለ መድኃኒት አሰጣጥ የሚቀርበውን ያህል ኅሊናን የሚያስጨንቅ ጥቂት ነው። ከሳሹ ልጁን ወይም እናቱን ለማያውቃት ሰው እጅ አምኖ የሰጠ ነው፤ ተከሳሿም ብዙውን ጊዜ ክፉ ያላሰበች፣ ሌሊቱን በተረኝነት ስትደክም ያደረች ነርስ ናት። ሁለቱም ፍትሕን ይሻሉ። እንግዲህ ፈራጁ ሊመረምር የሚገባው የጉዳቱን መጠን ብቻ አይደለም፤ ድርጊቱ ስሕተት ነው ወይስ በደል የሚለውንም ነው።

ይህ ጥያቄ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም። በነገሥታቱ ዘመን በከተማይቱ የእጨጌ ቤት የሚባለው ሰፈር የተሳዳጆች መማጸኛ ነበር። ፍትሐ ነገሥትም በፈቃድ የተፈጸመውን ግድያ ያለ ፈቃድ ከደረሰው ይለያል። ከዚያም አስቀድሞ በኦሪት ሕግ፣ እንጨት ሲቈርጥ የመጥረቢያው ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበት ሰው ወደ መማጸኛ ከተማ ይሸሽ ነበር፤ አድብቶ የገደለ ግን በዚያ አይጠለልም። የመማጸኛው ዓላማ እውነትን መሸሸግ አልነበረም፤ ነገሩ በሸንጎ ፊት እስኪጣራ ድረስ ደም መላሹ ፍርድን እንዳይቀድም ነበር።

በዛሬው ሆስፒታልስ የመጥረቢያው ብረት የሚወልቀው እንዴት ነው? በጎንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተቋቋመ ጀምሮ ብዙ ነርሶች ሠልጥነው ወደ ጤና ጣቢያዎች ተሰማርተዋል። እያንዳንዷ ነርስ የምትማረው መመሪያ አጭር ነው፦ ትክክለኛውን መድኃኒት፣ ለትክክለኛው ሕመምተኛ፣ በትክክለኛው መጠን፣ በትክክለኛው መንገድ፣ በትክክለኛው ሰዓት መስጠት። መመሪያው አጭር ይሁን እንጂ አፈጻጸሙ ቀላል አይደለም። ሁለት መድኃኒቶች መልካቸው በሚመሳሰል ብልቃጥ ይመጣሉ። በአንድ ክፍል ውስጥ ስማቸው አንድ የሆነ፣ በአባት ስም ብቻ የሚለዩ ሁለት ሕመምተኞች ይተኛሉ። በካርዱ ላይ የተጻፈው ሰዓት በፈረንጆች አቈጣጠር ከሆነ ከኛ በ6 ሰዓት ይለያል። ከዳባት ወይም ከደባርቅ ደጋ የመጣው አስታማሚ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማንበብ ካልቻለ፣ ስሕተቱን ዐይቶ ሊያስቆም አይችልም።

ይህን ማለት ግን ሁሉንም ነገር በድካምና በችግር ማሳበብ አይደለም። ክፋት፣ ቸልተኝነትና ስሕተት ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ማጣራት እየቻለች ያላጣራች፣ ማስጠንቀቂያ እየተነገራት የናቀች ነርስ፣ ክፉ አላሰብኩም በማለት ብቻ ነጻ ልትወጣ አይገባም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 543፣ እንደ ሐኪምና እንደ ሹፌር የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ቢገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራትና በገንዘብ እንዲቀጣ ይደነግጋል።

በስሕተትና በቸልተኝነት መካከል ያለው ድንበር ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ በአሜሪካ፣ በናሽቪል ከተማ የደረሰው ነገር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2017 ራዶንዳ ቮት የተባለች ነርስ ለአንዲት የ75 ዓመት አረጋዊት የታዘዘውን ማረጋጊያ ትታ፣ ጡንቻን የሚያልፈሰፍስና እስትንፋስን የሚያቋርጥ መድኃኒት ሰጠቻት፤ አረጋዊቷም ሞተች። ነርሷ ያደረገችውን ወዲያው ተናገረች። ሆስፒታሉ ግን ለመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ሳያስታውቅ ቆይቶ፣ ነገሩ በማግሥቱ ዓመት ስሙን ባልገለጸ ሰው ጥቆማ ተገለጠ። ዐቃቤ ሕግ በርካታ ማስጠንቀቂያዎችን ችላ ብላለች ሲል ከሰሳት፤ በ2022 ጥፋተኛ ተባለች፤ ወደ ወኅኒ ሳትገባ 3 ዓመት በክትትል ሥር እንድትቆይ ተፈረደባት። ብዙ ነርሶች ግን የተናገረው ከተቀጣ ከእንግዲህ ማን ይናገራል በማለት ሰጉ።

ስጋታቸው መሠረት አለው። አባቶች በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ ይህ ለሕመምተኛው የተነገረ ምሳሌ ለሆስፒታሉም ይሠራል። ነርሷ ከፍርሃት የተነሣ ዝም ብትል፣ ሐኪሙ ማዳን በሚችልባት ደቂቃ ምክንያቱን ሳያውቅ ይቀራል፤ ያ የተመሳሰለ ብልቃጥም በመደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሌላ ሰው ይጠብቃል። ካርዱን ፍቃ ወይም ደልዛ ብትጽፍማ፣ በመጀመሪያ ስሕተት የነበረው በሁለተኛው በደል ይሆናል።

ይሁን እንጂ ለነርሷ መራራት በሟች ዋጋ ሊሆን አይገባም። ይቅር የማለት ሥልጣን የተበደለው ወገን ነው፤ የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ በሟች ልጆች ስም ይቅር ሊል አይችልም። የደጋችን ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ አስቀድመው የሆነው ነገር በግልጽ እንዲነገር ያደርጋሉ፤ ካሳውም ዕርቁም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ አቤቱታ ያቀረበ ቤተሰብ እንደ ጠላት መታየት የለበትም። የሆነውን በሚገባው ቋንቋ የመስማት መብት አለው።

እንግዲህ በየጤና ተቋሙ በኃላፊነት ላይ ያላችሁ ወገኖች፣ አቤቱታ በደረሳችሁ ጊዜ ማን አደረገው ከማለታችሁ በፊት ምን ሆነ፣ እንዴትስ ሊሆን ቻለ ብላችሁ ጠይቁ። ተከሳሿም በራሷ አንደበት ትናገር፤ ከሌሊቱ ምን ያህል ሕመምተኛ ብቻዋን እንደያዘች ይጻፍ፤ ብልቃጡም ከመደርደሪያው ወርዶ ይታይ። ቸልተኝነት ከተገኘ በሕግ አግባብ ትጠየቅ። ስሕተት ከሆነ ግን፣ እውነቱን ስለተናገረች እንጀራዋን አትጣ።