የነፍስን ቍስል የሚያክም ሰው ሥራውን ለማን ይነግራል?

ሥጋን የሚያክም ሐኪም ሥራው በዓይን ይታያል፤ ስፌቱ ቢፈታ፣ አጥንቱ ቢጣመም ሌላ ሐኪም አይቶ ይፈርዳል። የሰውን ልቡና የሚያክም ግን ሥራውን የሚሠራው በስውር ነው። ቢያበላሽ እንኳ ምስክሩ ያው ሕመምተኛው ብቻ ነው፤ እርሱም ምን እንደ ተደረገበት ለይቶ አያውቅም። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሐኪም ማን ይመልከተው? ራሱን ይመልከት እንዳንል፣ ዓይን ሁሉን ሲያይ ራሱን አያይም።

በምዕራባውያን ዘንድ ሂፕኖቲዝም የሚባል ሕክምና አለ። ስሙ እንቅልፍ ከሚለው የግሪክ ቃል የተገኘ ነው፤ ስሙም በሐኪሞች ዘንድ የታወቀው ጀምስ ብሬድ የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ በ1843 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ሕመምተኛው በእውነት አይተኛም፤ ፈቃዱም ፈጽሞ አይጠፋም፤ ነገር ግን አሳቡ ወደ አንድ ነገር ተሰብስቦ የሐኪሙን ቃል ለመቀበል ይፈጥናል። ስለዚህ የሐኪሙ ጥያቄ መልሱን ይዞ ይገባል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1985 ጉዳዩን አስመርምሮ ነበርና፣ በዚህ ዓይነት የሚወጣ ትዝታ እምነት የሚጣልበት አለመሆኑ ተገለጸ።

በእንግሊዝ አገር ይህን ሥራ ለመሥራት ሕግ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ማንም ተነሥቶ ሐኪም ነኝ ሊል ይችላል። ቢሆንም ባለሙያዎቹ በየማኅበራቸው ደንብ አውጥተው፣ እያንዳንዱ ያከመውን ነገር በሙያው ወደ በሰለ ሰው እየወሰደ፣ የሕመምተኛውን ስም ሳይገልጥ ያወያያል። የምክርና የሥነ ልቡና ሐኪሞች ማኅበርም ዕውቅና የሰጣቸውን አባሎቹን በወር ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ተኩል በዚህ ያስገድዳል። የሚሰማው ሰው አለቃም ዳኛም አይደለም፤ «ይህን ለምን አልህ? ሲያለቅስ አንተ ምን ተሰማህ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እስኪ በወልድያም ሆነ በመርሳ፣ በሀብሩም ገጠር፣ ሕመምተኛ ወደ ጠበል ሲወሰድ የሚሆነውን እናስተውል። በጾምና በሱባኤ ደክሟል፤ በሌሊት ብርድ ተጠምቋል፤ ሕዝብም ከብቦታል። አጥማቂው መስቀል ይዞ ከፊቱ ቆሞ «ማነህ? ከማን መጣህ? ማን በላው?» ይላል። ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ዝም ያለው ሰው በአራተኛው ስም ይጠራል። የሚጠራውም ስም ብዙ ጊዜ የባለ እጅ ስም ነው፤ ብረት የሚቀጠቅጥ ወይም ሸክላ የምትሠራ ጎረቤት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዚያ ቤት ሰላምታ ይነሣዋል፤ ልጁን የሚያጭ አይገኝም።

በጠበልና በመስቀል ኃይል አልጠራጠርም፤ በእነርሱ የማገለግል ካህን ነኝ። ነገር ግን አስተውሉ፤ የተናገረው ርኵስ መንፈስ ነው ብንል፣ ጌታችን የሐሰት አባት መሆኑን ነግሮናልና በባልንጀራችን ላይ እንዴት ምስክር አድርገን እንቀበለዋለን? የተናገረው የደከመው ሕመምተኛ ነው ብንልም፣ ስሙን ያስጠራው የእኛ ጥያቄ ነው። በሁለቱም መንገድ ምስክርነቱ ከንቱ ነው፤ ጎረቤቱ ግን ተፈርዶበታል። አጥማቂውን «ለምን እንዲህ ጠየቅህ?» ያለው የለም።

ሐዋርያት ከተላኩበት ሲመለሱ ያደረጉትንና ያስተማሩትን ሁሉ ለጌታ ነገሩት፤ እርሱም ወደ ምድረ በዳ ወስዶ እንዲያርፉ አዘዛቸው። አርድእትም አጋንንት ተገዙልን ብለው ደስ ሲላቸው፣ ደስታቸው በዚህ እንዳይሆን መለሳቸው። ሥራን መናገር ሥርዐቱ ነበርና። በገዛ አገራችንስ የዋድላ ቅኔ ቤት ተማሪ የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግር የለምን? መምህሩ በጓደኞቹ ፊት ቢሰብርበት አያፍርም። እንዲሁም ካህን ራሱን አይናዘዝም፤ አበ ነፍስ ለሆነውም አበ ነፍስ አለው። የሚያሳዝነው ግን፣ ካህኑ ለአባቱ ቍጣውንና የጾሙን ጕድለት ይነግራል እንጂ ንስሐ ልጁን እንዴት እንደ መራ የሚናገረው ጥቂት ነው።

«የንስሐ ምስጢር ይገለጣልን?» የሚሉ አሉ። አይገለጥም፤ ምስጢሩ የተናዛዡ ነውና። ነገር ግን ካህኑ ምን እንደ መለሰና ልቡ እንዴት እንደ ሆነ የራሱ ነው፤ የራሱን ይናገር። ስም መደበቅ ብቻ ግን አይበቃም፤ በሀብሩ ገጠር የአንዱን አሟሟት መናገር ቤቱን እንደ መጥራት ነው። ስለዚህ ካህኑ ሰዎቹን ወደማያውቅ፣ በሌላ ወረዳ ወደሚኖር አረጋዊ ይሂድ።

ይህ ዛሬ ለምን እንደሚያስቸኵል አውራጃውን የሚያውቅ ያውቃል። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ በሌላ እጅ ነበረች። በዚያ ወራት የተገደለውንና የተደፈረችውን፣ የራሱንም እጅ በደም ያገኘውን ሁሉ የሰማ ካህኑ ነው። እንዲህ ያለውን በየሳምንቱ የሚሰማ ሰው ከሁለት ወደ አንዱ ያዘነብላል፤ ወይ ልቡ ደንድኖ ከባድ ቀኖና ይጭናል፣ ወይ መስማት ሰልችቶት «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብሎ ያሰናብታል። ሁለቱንም በራሱ አያውቀውም፤ ሌላ ሰው ነው የሚያውቅለት።

ሀገረ ስብከቱ በወር አንድ ቀን ቢወስን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አጥማቂዎችም፣ ክህነት የሌላቸውም ጭምር፣ ከዚህ ውጭ ሊሆኑ አይገባም። ሕመምተኛውን ወደ ሆስፒታል ሊልከው የሚገባውም በዚያ ይለያል፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጣሉ ተናግረዋልና፣ ለልቡናም ሕመም ነገሩ ያው ነው። አረጋዊውም ለሌላ አረጋዊ ይንገር። ወደ እርሱ የመጣውን አጥማቂ ግን ስንት አጋንንት እንዳወጣ አይጠይቀው፤ አስቀድሞ «ሕመምተኛውን ምን ብለህ ጠየቅኸው?» ይበለው።